«የድሮው ሸራ ማሳጠሪያ ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። አራቱም ጅማ ውስጥ የሸራ ጀልባ እንዳለኝ የሚያውቁ ናቸው። አንዱ «አንብበው፣ አንተን ነው የሚመለከተው» የሚል ጨምሮበታል። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ጸሐፊው ጀልባ ከልባቸው እንደሚወዱ ያስታውቃል። ስለ ሸራ ጀልባ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙም አላጋጠመኝምና በዚህ ደስ ብሎኛል። ድምዳሜያቸው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ሰው ውሃ ውስጥ ሊከት የሚችል ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። የሸራ ጀልባ የሚሄደው በነፋስ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ሙሉ ሸራ ዘርግቶ መሄድ ጀልባውን ያጋድለዋል፣ ሲብስም ይገለብጠዋል። ስለዚህ ዋናውን ሸራ ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ይህ የሚሠራበት ነገር ነው ማሳጠሪያ የሚባለው። የድሮው መንገድ እንዲህ ነው። ሸራው ላይ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ የብረት ቀለበቶች በአግድም ተደርድረው ይሰፋሉ። ነፋስ ሲመጣ ሸራው በዚያ ልክ ዝቅ ይደረግና ቀለበቶቹ ከአግዳሚው እንጨት ጋር ይታሰራሉ። አግዳሚ የምለው ከምሰሶው ግርጌ ወደ ኋላ የሚዘረጋውን፣ የሸራው ታችኛ ጠርዝ የሚያርፍበትን እንጨት ነው። የተረፈው ሸራ ተጠቅልሎ በትንንሽ ገመዶች ይታሰራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የድሮው ዘዴ ቀርፋፋና አደገኛ ነው፤ ሰውየው መሪውን ትቶ ወደ ምሰሶው እንዲሄድ ያስገድደዋል። የተሳጠረ ሸራ ቅርጹ ይበላሻል፣ ጉልበትም ያጣል። ሸራው በማሰሪያዎቹ መስመር ይቀደዳል፤ ለዚህም ፎቶ አያይዘዋል። የእኛ ሐይቆች ነፋስ ቀላል ስለሆነ በትንሽ ጀልባ ላይ ማሳጠሪያ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፤ ነፋስ ቢመጣ ገመዱን ለቀቅ ማድረግ ወይም ሸራውን አውርዶ ሞተር ማስነሳት ይበቃል። በመጨረሻም፣ አገራችን የሸራ ጀልባን ገና እየጀመረች ስለሆነ የድሮውን ዘልላ ሸራው ምሰሶው ውስጥ ተጠቅልሎ ወደሚገባበት ዘመናዊ ዘዴ መሄድ አለባት፤ መደበኛውን የቤት ስልክ ዘለን ሞባይል እንደያዝነው ማለት ነው።

ከየት ተነስቼ እንደምናገር ልግለጽ። በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ውጭ አገር አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች በሚጠገኑበት ቤት ሦስት ዓመት ተቀጥሬያለሁ። ጅማ ተመልሼ ከአንድ አናጢ ወዳጄ ጋር 4.5 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ሠራን። የምንሄድባት ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የግልገል ጊቤ ግድብ ባጠራቀመው ውሃ ላይ ነው። ሸራዋ 8 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለት ረድፍ ማሳጠሪያ አለው።

ከሁሉ በፊት ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው «የድሮው ዘዴ» በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አስረዋል። አንዱ አሁን የገለጽኩት የገመድና የቀለበት ነው። ሌላው የሚሽከረከር አግዳሚ ነው። እዚህ ላይ ሸራው አይታሰርም፤ አግዳሚው ራሱ እንደ ምንጣፍ መጠቅለያ ይዞርና ሸራውን ይጠቀልለዋል። ትልልቆቹ ላይ ምሰሶው አጠገብ ጠመዝማዛ ማርሽ አለ፤ በማኖቬላ ይዞራል። ትንንሾቹ ላይ አግዳሚውን ከመያዣው ነቅሎ በእጅ አዙሮ መመለስ ነው።

ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ የሁለተኛው ናቸው። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የሸራው የፊት ጠርዝ ገመድ ተሰፍቶበት ወፍራም ነው፣ የኋላው ቀጭን ነው። ሲጠቀለል ፊቱ ይወፍራል፣ ኋላው አይወፍርም። በዚህ ምክንያት የአግዳሚው ጫፍ ዝቅ እያለ መጥቶ የሰው ጭንቅላት ላይ ይደርሳል። የሸራው ሆድ ይነፋል፤ ነፋስ በበረታ ጊዜ ደግሞ የሚፈለገው ዝርግ ሸራ ነው። አግዳሚው ወደ ላይ እንዳይነሳ ወደ ታች የሚስበውን ገመድ የሚያስሩበት ቦታም ይጠፋል፤ ሸራው ተጠቅልሎ ይሸፍነዋላ። ለዚህ ብለው እንደ ጥፍር የሚይዝ ክፍት ቀለበት ሠሩ፤ እሱ ደግሞ ሸራውን እየፈተገ ይበላዋል። ማርሹ ግራሶ ካላገኘ ይደርቃል። ጥገና ቤት እያለሁ እነዚህን ማርሾች ፈትቼ ያጠብኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ብዙዎቹን ባለቤቶቹ ራሳቸው «አውጣልኝና በገመድ ተካልኝ» ብለውኛል።

ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የተኩት በምሰሶ ውስጥ መጠቅለያ አይደለም። የጠየቁት ገመድና ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ የጀልባ ባለቤቶችም እንዲሁ አድርገዋል፤ የማርሹን አግዳሚ ትተው ተሻሽሎ ወደመጣው የገመድ ዘዴ ተመለሱ። ስለዚህ «የድሮውን አዲሱ ተካው» የሚለው ታሪክ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ከሁለቱ ድሮዎች የቆየው ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ በኋላ የመጣው ነው የቀረው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ጸሐፊው አሥር ደቂቃ ይፈጃል ይላሉ። ገመዶቹ ካልተዘጋጁ ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንየው። መጀመሪያ ሸራውን የሚቆጣጠረውን ገመድ ለቀቅ አደርጋለሁ፤ ሸራው ይራገባል፣ ጀልባዋ ቀና ትላለች። ሁለተኛ፣ የመስቀያውን ገመድ ቀድሜ ምልክት እስካደረግሁበት ቦታ ድረስ አወርዳለሁ። የፊቱን ቀለበት ምሰሶው አጠገብ ካለው መንጠቆ ላይ እሰካለሁ። የመስቀያውን ገመድ መልሼ እወጥራለሁ። ከዚያ በኋለኛው ቀለበት ውስጥ ያለፈውን ገመድ እስባለሁ፤ ይህ ገመድ ሁልጊዜ በቦታው ነው የሚኖረው፣ አንዱ ጫፉም ወደ ፊት፣ እጄ የሚደርስበት ድረስ ተስቧል። አለቀ። ጀልባዋ ከዚህ በኋላ መሄድ ትችላለች። መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ማሰሪያዎች የተንጠለጠለውን ሸራ ለመሰብሰብ ብቻ ስለሆኑ ቆይተውም ይታሰራሉ። እኔ ሁለት ደቂቃ አይሞላብኝም። የአናጢው ልጅ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሠራው።

«መሪውን ትቶ» የሚለው ስጋት ትልቅ ጀልባ ላይ ትክክል ነው። 12 ሜትር ጀልባ ላይ፣ በማዕበል፣ በጨለማ፣ ወደ ምሰሶው መሄድ ያስፈራል። ዕድሜው ለገፋ ወይም ጉልበቱ ለደከመ ሰው በምሰሶ ውስጥ የሚጠቀለል ሸራ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን አልክድም። የእኔ ጀልባ ላይ ግን ከመሪው እስከ ምሰሶው ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ሳልቆም፣ ተቀምጬ ተንፏቅቄ እደርስበታለሁ።

ደግሞስ ከመቀመጫ ሳይነሱ ሸራ ማሳነስ አዲስ ግኝት ነው? የቻይና ጀልባዎች ሸራ ከዳር እስከ ዳር የቀርከሃ ዘንጎች ተጋድመውበታል። መስቀያው ሲለቀቅ ሸራው በራሱ ክብደት እንደ መስኮት መጋረጃ እየታጠፈ ይወርዳል። ዘንጎቹ ራሳቸው ያጥፉታል፤ የሚታሰር ነገር የለም። ብሎንዲ ሃስለር የተባለው እንግሊዛዊ ይህን የጥንት ሸራ «ጀስተር» በተባለች 7.6 ሜትር ጀልባ ላይ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ለብቻ አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር ላይ በ48 ቀን ሁለተኛ ወጣ። ሸራውን የሚቆጣጠረው ከጀልባዋ መሃል፣ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ወደ ውጭ መውጣት አላስፈለገውም። ገመድና ዘንግ ብቻ ነው። ጸሐፊው የሚመኙት ምቾት በዘመናዊ ማሽን ብቻ የሚገኝ አይደለም ማለቴ ነው።

በምሰሶ ውስጥ መጠቅለያውን በተመለከተ ጽሑፉ ጥቅሙን ብቻ ነው የዘረዘረው። እኔ ችግሩን በእጄ ነክቼዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጀልባ ሸራዋ ግማሽ ወጥቶ፣ ግማሹ ምሰሶ ውስጥ ቀርቶ፣ እየተራገበ ወደብ ገባች። ሸራው አርጅቶ ሆዱ ሰፍቶ ነበር። ሲጠቀለል ተሸበሸበና ቀዳዳው ላይ ተነከሰ። ወደ ውስጥ አይገባም፣ ወደ ውጭ አይወጣም። ወደ ታች ማውረድም አይቻልም፤ በምሰሶው ውስጥ በከፊል እንደተጠቀለለ ማን ያወርደዋል? ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቀን፣ ሰው ወደ ላይ አውጥተን ነው የፈታነው። ባለቤቱ ጥንቃቄ አጉድሎ ሊሆን ይችላል። ሸራው አዲስ ቢሆን ላይነከስም ይችል ነበር። የገመዱ ሸራ ግን ባይታሰር እንኳ ይወርዳል። መስቀያውን መልቀቅ ብቻ ነው። በጭንቅ ጊዜ እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ምሰሶ ውስጥ እንዲጠቀለል የሚሠራ ሸራ የኋላ ጠርዙን ደግፈው የሚይዙት የተለመዱት አግድም ዘንጎች ሊኖሩት አይችልም፤ አብረው አይጠቀለሉማ። ዘንግ ከሌለው የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ መቆረጥ አለበት። ይኸም ማለት ነፋስ ሳይኖር ጀምሮ ሸራው ያነሰ ነው። ስለዚህ «የተሳጠረ ሸራ ጉልበት ያጣል» ብለው የድሮውን የሚከሱት ሰው፣ ሁልጊዜ ጎደሎ የሆነ ሸራ እየመከሩን ነው። በገመድ የታሰረው ግን ከተወጠረ ዝርግ ሆኖ ይቆማል። የሚበላሸው የኋለኛው ገመድ ወደ ታች ብቻ ሲሳብና ወደ ኋላ ሳይሳብ ሲቀር ነው። ገመዱ አግዳሚው ላይ የሚያልፍበትን ቦታ ከቀለበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ማድረግ ነው መፍትሔው።

ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም። በ5 ሜትር ከፍታ ላይ የተጨመረ 4 ኪሎ፣ ጀልባዋ ስታጋድል፣ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ እንደተጫነ 20 ኪሎ ያህል ይጎትታታል። ትልቅ ጀልባ ከታች ከባድ ብረት ስላለው ይችለዋል። የእኔ ጀልባ ከታች ያላት ሚዛን እኔው ራሴ ነኝ።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን የሚያግዝ ምሳሌ ልስጥ። ሸራው ራሱ ምሰሶው ላይ እንደ እጅጌ የሚለበስባቸው ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። «ሌዘር» የሚባለው ዋነኛው ነው። እሱ ላይ ምሰሶውን አንድ ሁለት ዙር አዙሮ ሸራውን መጠቅለል ይቻላል። ማሽን የለም፣ የሚነከስ ቀዳዳ የለም። ምሰሶው በገመድ ካልተወጠረ ይህ መንገድ ጥሩ ነው። ጽሑፉ ይህን ቢመክር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አሁን በጣም ወዳሳሰበኝ ነጥብ ልምጣ። «የእኛ ነፋስ ቀላል ነው፣ ማሳጠሪያ ላያስፈልግ ይችላል።»

በዚህ ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። የምንሄድበት ውሃ ከባህር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እኛ ጋ የሚገፋው ያንኑ ያህል ቀንሶ ነው። ነገር ግን የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፍታው የሰጠንን ያንን ሁሉ ቅናሽ፣ ነፋሱ በ8 ወይም 9 በመቶ ብቻ ፈጠን ሲል መልሶ ይወስደዋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 22 ቢጠጋ ማለት ነው። ያንን በፊት ላይ እንኳ አንለየውም።

በእኔው ሸራ እናስላው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ 8 ካሬ ሜትሩን ሙሉ ዘርግቼ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ነፋሱ 30 ቢደርስ ግፊቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ረድፍ ድረስ ካሳጠርኩ 3.6 ካሬ ሜትር ይቀረኛል። 2.25 ጊዜ 3.6 ወደ 8 ይጠጋል። ማለትም ጀልባዋ ላይ ያለው ኃይል ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከዚህም በላይ ሸራው ዝቅ ስላለ ኃይሉ የሚያርፍበት ቦታም ዝቅ ይላል፣ የሚያጋድላት ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ሥራ የሚሠሩት አምስት ስድስት ገመዶችና ጥቂት ቀለበቶች ናቸው።

ጅማ የኖረ ሰው ደግሞ ሰማያችንን ያውቃል። ጠዋት ጥርት ያለ ይሆናል። ከሰዓት ደመናው ይቆለላል። ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ይመጣል፤ የዛፉ ቅጠል ይገለበጣል፣ አቧራው ይነሳል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያ ነፋስ ከደመናው የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ ወደ ጎን ሲሰራጭ ነው። ውሃ ላይ የሚያግደው ቤትም ዛፍም የለም። ቀን ሙሉ ቀላል የነበረ ነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ይሆናል። የሚለካው አማካዩ አይደለም፤ ያቺ አንድ ሰዓት ናት። በጊቤ በኩል ጉማሬ እንዳለም የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለጀማሪ «ማሳጠሪያ አያስፈልግህም» ብሎ መጻፍ ያሳዘነኝ ለዚህ ነው።

«ገመዱን ለቀቅ ማድረግ ይበቃል» የሚለው ለአጭር ሽውታ ልክ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ለግማሽ ሰዓት ግን አይሆንም። የሚራገብ ሸራ ስፌቱ ይላላል፣ አግዳሚው ግራ ቀኝ ይማታል። ጀልባዋ ፍጥነት ስታጣ ደግሞ መሪው አይሠራም፤ መሪ የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ነው።

ሞተሩንም እንየው። ሞተር ጥሩ ነገር ነው፣ ዕድሜዬን የበላሁት በእሱ ነው። ግን ሞተር ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቤንዚን ደግሞ ጅማ ላይ ምን ያህል ሰልፍ እንዳለው የታክሲ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው። የውሃ ሣር በበዛበት ቦታ ማዞሪያው ይታሰራል። ሞተርን መጠባበቂያ ማድረግ ተገቢ ነው። ብቸኛ መውጫ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሞባይሉ ምሳሌ ብዙ ሰው የወደደው ይመስለኛል። የላኩልኝ ሰዎችም ያሰመሩት እሱን ነው። እኔም ወደ ኋላ እንቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። ግን ሞባይሉ የሠራው ስልኩ ስለመጣ ብቻ አይደለም። አንቴናው ተተክሏል፣ ባለሙያው ሰልጥኗል፣ በየመንደሩ ጠጋኝ ተፈጥሯል። ምሰሶ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ ኩሽኔታው ቢሰበር ጅማ ላይ ማን ጋ ልሂድ? ትዕዛዙ ከውጭ እስኪመጣ ጀልባዋ ዛፍ ሥር ትቆማለች።

የእኔን ሸራ የሰፋልኝ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ነው። ቀለበቶቹን የመታው ቡና ለሚጭኑ መኪኖች በሚመታበት መሣሪያ ነው። ጀልባ አይቶ አያውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት፤ የኋለኛው ጥግ ላይ ጭነቱ እንደሚበዛ ስነግረው፣ «እንግዲያው እንደ መኪናው ጥግ አራት ድርብ ላድርገው» አለኝ። ልክ ነበር። ምሰሶውንና አግዳሚውን የሠራው አናጢ ጅማ ካፈራቻቸው የእንጨት ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ የጅማን በርጩማ የሚያውቅ ሰው እጃቸውን ያውቃል። ገመዱን ሂርማታ ገበያ ገዛሁት። መንጠቆውን በያጅ ሠራልኝ። ይህ ሁሉ ሰው አሁን የሸራ ጀልባ ሥራ ያውቃል። ወደ ፊት መዝለል ከተፈለገ ከዚህ ተነስቶ ነው የሚዘለለው ብዬ አምናለሁ።

የቀረኝ ፎቶው ነው። የተቀደደው ሸራ ፎቶ እውነተኛ ነው፤ እንዲያ ያለ ቀዳዳ የእኔም ሸራ ላይ አለ። ባለፈው ዓመት ነፋሱ አልፎልኝ ሸራውን ልመልስ ስል ተቻኮልኩ። መሃል ያሉትን ትንንሽ ማሰሪያዎች ሳልፈታ የኋለኛውን ገመድ ለቀቅኩት። ሙሉው ጭነት በአንዲት ቀጭን ማሰሪያ ላይ አረፈና ሸራው ከእሷ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተተረተረ። ስለዚህ ጸሐፊው የደረሰውን ጉዳት አልፈጠሩትም። ምክንያቱ ግን ዘዴው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ሲታሰር ሁለቱ ዳር ቀለበቶች መጀመሪያ፣ መሃሉ በመጨረሻ፣ ያውም ላላ ተደርጎ። ሲፈታ መሃሉ መጀመሪያ፣ ዳሮቹ በመጨረሻ። ሸራ ሰፊው ቀዳዳውን በሰማያዊ የመኪና ሸራ ደረበልኝ፤ ነጩ አልቆበት ነበር። ከሩቅ ይታያል። ያንኑ ሸራ ይዤ ነው አሁንም የምወጣው፤ ለአናጢው ልጅም ገመድ ከማስያዜ በፊት መጀመሪያ ያሳየሁት ያንን ድርብ ነው።